ቆዳው ወደ ማን ይሄዳል

የአለቃዬን ሥራ ማረም የእኔ ድርሻ አልነበረም፤ ማንም አላዘዘኝም። ሆኖም ሦስት ዓመት ሙሉ ሳርመው ኖርኩ። ሲቸኩል የአጥንት ከረጢቶችን ቁጥር ያዛባል፤ አስተካክላለሁ። አንድ ጊዜ ካርታ ላይ ሞላሌን ከመሐል ሜዳ በስተሰሜን አስቀምጦ ወደ ስብሰባ ይዞት ሊሄድ ሲል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሳያየኝ ሞላሌን ወደ ቦታዋ መለስኩና ፋይሉን በነበረበት ስም አስቀመጥኩት። አመስግኖኝ አያውቅም። እንዴት ያመስግነኝ? መሳሳቱንም አያውቅ።

ይህን የምጽፈው አንድ ቀን አንድ ስህተት አይቼ ዝም ስላልኩ ነው። ዘንግቼ አይደለም። አየሁት፣ ደግሜ አየሁት፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

ፊት ለፊት ስናወራ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ዛሬም እንደዚያው ነኝ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» ነው። ይህችን ታህል ለራሴ ፈቅጃለሁ።

ዓይን አፋር ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስም ሲጠራ «አቤት» የምለው ድምፄ አስተማሪው ጋ ሳይደርስ እየቀረ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ «ቀሪ» ተብዬ ተጽፌያለሁ። ሰው ፊት መናገር ሲኖርብኝ አንገቴ ስር ይሞቀኛል፤ ቃላቱ ተሰልፈው ይቆዩና በሩ ሲከፈት አንዱም አይወጣም። ስጽፍ ግን አልፈራም። ስለዚህ ሁሉን ነገር እጽፋለሁ፤ የጻፍኩትንም አልጥልም።

ከመንዟ ዘመሮ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ፣ ሜዳው ድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላው የሚወርድበት ገደል አለ። ከገደሉ አፍ ዝቅ ብሎ ሰፊ ዋሻ አለ። ያደግሁበት መንደር ከዚያ ዋሻ አይርቅም። የምሠራበት ዩኒቨርሲቲ ዋሻውን ሊያስቆፍር ሲነሣ፣ በአርኪዮሎጂ የተመረቅኩና አገሩን የማውቅ ተብዬ ረዳት ሆንኩ። ሥራዬ አፈር በወንፊት መንፋት፣ አጥንት በጥርስ ብሩሽ ማጽዳት፣ ከረጢት ላይ መጻፍ ነበር። ሥራውን እወደው ነበር። አጥንት አያናግርም፤ ቀስ ብለሽ ታጸጂዋለሽ፣ ቀስ ብሎ ይታይሻል።

ጥያቄያችን ቀላል ነበር። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ደጋው ላይ እህል የሚዘሩ ሰዎች ነበሩ። ከታች ደግሞ በግና ከብት እየነዱ ከሣር ወደ ሣር የሚዘዋወሩ አርብቶ አደሮች ነበሩ። ሁለቱ ሲገናኙ ምን ሆነ? ተዋጉ? አንዱ ሌላውን አባረረ? ተጋቡ? ድሮ ይህ ከሸክላ ስብርባሪ የሚገመት ነገር ነበር። አሁን ግን አጥንት ውስጥ የተረፈ ዲኤንኤ ካለ፣ ማን የማን ዘመድ እንደነበረ ማወቅ ይቻላል። በተለይ ከጆሮ ወደ ውስጥ ያለችው፣ እንደ ጠጠር የጠነከረችው ትንሽ አጥንት ዲኤንኤዋን አጥብቃ ትይዛለች። የእኛ አገር ብርድ ደግሞ ይረዳል። የሰውም የበግም የጆሮ አጥንት ስናገኝ እንደ እንቁላል በጥጥ እንጠቀልላት ነበር።

አለቃዬ ግን መልሱን ሳይቆፍር ያውቀው ነበር። «አርብቶ አደሮቹ መጡ፣ መሬቱን ወሰዱ፣ አለቀ» ይል ነበር። ከተማ ተወልዶ ከተማ ያደገ ሰው ነው። አንደበቱ ጥሩ ነው፤ ሲናገር ሰው ያዳምጠዋል። በዚህ ቀናሁበት ካላችሁ፣ አዎ ቀንቼበታለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ቁፋሮ፣ ከዋሻው ግራ ጥግ አንድ እንግዳ ነገር ወጣ። በሌላው የዋሻው ክፍል የታረደና የተበላ በግ አጥንት ሙሉውን ይገኛል፤ ጎድኑም፣ ታፋውም፣ መቅኒውን ሊመጥጡት የሰበሩት ቅልጥምም። በዚያ ጥግ ግን የበግ ራስና ሸኮና ብቻ ተከማችቷል። አንድ ጎድን የለም። አንድ ታፋ የለም።

«መሥዋዕት ነው» አለ አለቃዬ ወዲያው፤ ካሜራ አስመጣ፣ ከጥጉ አጠገብ ተንበርክኮ ፎቶ ተነሣ።

እኔ ወንፊቱን እንደያዝኩ እጄ ቆመ። ያንን ነገር አውቀዋለሁ። ራስና ሸኮና ብቻ ሆኖ የመጣ በግ፣ በልጅነቴ በራችን ላይ ተዘርግቶ አይቻለሁ።

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ በጎቿን የሚጠብቅላት ሰው አጣች። እኔ ተማሪ ነኝ፤ እሷ ከእርሻው ውጭ ሱፍ ፈትላ ባና ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ሠሪዎች ታስረክባለች፤ እጅ አጠረን። ስለዚህ ግማሾቹን በጎች ቆላ ላሉ ሰዎች በሪቢ ሰጠቻቸው። በሪቢ መስጠት ማለት እናቲቱን በግ ለሌላ ሰው ታስረክቢያለሽ፤ ያ ሰው ያበላል፣ ይጠብቃል፤ የሚወለደውን እኩል ትካፈላላችሁ፤ እናቲቱ ግን ምን ጊዜም ያንቺው ናት። ወረቀት የለም። ውሉ የበጓ ጆሮ ላይ ነው። የእናቴ በጎች ግራ ጆሯቸው ጫፍ ላይ ሁለት ስንጥቅ ነበራቸው።

በጓ ብትሞትስ? አርቢው «ታማ ሞተችብኝ» ቢል ማን ያምነዋል? ሸጧት ይሆናል፤ በልቷት ይሆናል። ስለዚህ ቆዳዋን ይገፍና፣ ራሷንና ሸኮናዋን ከቆዳው ሳይለይ ጠቅልሎ፣ ዳገቱን ተሸክሞ ይወጣና በባለቤቷ በር ላይ ይዘረጋዋል። ሥጋው እዚያው ለጅብ ይቀራል፤ ሞታ የተገኘች አትበላምና። እናቴ ቁጢጥ ትልና ያንን ግራ ጆሮ በጣቶቿ ታገላብጣለች። ከዚያ ቀና ብላ «እግዜር ይተካ» ትላለች።

ሰውየውን የምትፈታው ያቺ ቃል ናት። እስክትባል ድረስ በር ላይ ይቆማል፤ አይቀመጥም፣ ውኃም አይጠይቅም። ከተባለች በኋላ ግን ይገባል፣ ጠላ ይቀርብለታል፣ ስለ ዝናቡ ይወራል።

ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት ሲሆነኝ አንድ ሰው መጣ። ቆዳውን ዘረጋ። ግራ ጆሮ ነው፤ ሁለት ስንጥቅ አለው። እናቴ ግን ጆሮውን ከሌላው ጊዜ ሁሉ የበለጠ ደጋግማ አገላበጠችው። እኔም ከኋላዋ ሆኜ አየሁት። የስንጥቁ ጠርዝ ያልዳነ ነበር፤ ደም አርግቶበታል። በግልገልነቷ የተሰነጠቀ ጆሮ እንዲያ አይሆንም። የሌላ በግ ቆዳ ላይ፣ ያውም ትናንት የተቆረጠ ምልክት ነበር።

«ምነው እመቤት?» አለ ሰውየው።

እናቴ ተነሣች። ወደ ቤት ገባች። እንዝርቷን አንሥታ መፍተል ጀመረች። አልጮኸችም፣ ሽማግሌ አልጠራችም፣ ሌባም አላለችውም። ሰውየው ቆመ። የበሩ ምሰሶ ጥላ ከእግሩ ሥር ተነሥቶ ግድግዳው ላይ እስኪወጣ ቆመ። በመጨረሻ ቆዳውን እዚያው ትቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ገበያ ሲወጣ በእኛ በር አያልፍም፤ ግማሽ ቀን የሚያስረዝመውን የታችኛውን መንገድ ይይዝ ነበር።

«ምን አልሽው?» አልኳት።

«ምንም» አለችኝ፤ ክሯን ሳታቋርጥ። «ምንም አላልኩትም።»

ዋሻው ውስጥ ወንፊቱን ይዤ የታየኝ ይህ ሁሉ ነበር። እሑድ ቀን ተቀምጬ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አራት ገጽ ጻፍኩ። በጎቹ የሞቱት እዚህ አይደለም አልኩ፤ ሌላ ቦታ ነው፤ እዚህ የመጣው የመሞታቸው ማስረጃ ብቻ ነው። ቆዳው ወደ ባለቤቱ ስለሚሄድ፣ የዋሻው ሰዎች፣ የደጋው ገበሬዎች፣ የበጎቹ ባለቤቶች ናቸው፤ ከታች ያሉት አርብቶ አደሮች ደግሞ አርቢዎቻቸው። እንዲህ ከሆነ ሁለቱ ወገኖች ሲገናኙ መጋደል ብቻ አልነበረም፤ ቢያንስ በግ እስከመተማመን ደርሰዋል። በግ የሚተማመን ሰው ደግሞ ቤት ለቤት ይገባባል። የእናቴን በጎች ምሳሌ አደረግኩ። መጨረሻ ላይ «ይህ ይፈተናል» ብዬ ጻፍኩ፤ የራሶቹ ዲኤንኤ እዚህ ከተበሉት በጎች ጋር የአንድ ቤተሰብ ሆኖ ከተገኘ፣ ጥርሳቸው ደግሞ ቆላ ማደጋቸውን ካሳየ፣ ሪቢ ነው።

ሰኞ ለአለቃዬ ሰጠሁት። ማክሰኞ መለሰልኝ። በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ በቀይ እስክርቢቶ አንድ ቃል ጽፎበታል። «ተረት።»

በዚህ ቢያበቃ ምንም አልነበረም። ምሳ ላይ ሁላችንም ዋሻው አፍ ተቀምጠን ሳለ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ዛሬ አዲስ ሳይንስ ተምሬያለሁ» አለ። «የድንጋይ ዘመን ሰው በሪቢ ሲገባባ! ቆዳ ተሸክሞ ‹ጌታዬ፣ በግዎ ሞተችብኝ› ሲል!» ጎንበስ ብሎ ቆዳ እንደሚዘረጋ ሰው ሆኖ አሳየ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወደ እኔ ዞሮ «እህቴ፣ አንቺ ወንፊትሽን ያዢ» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሪቢ ሆነ። «ሪቢ፣ ጨው አቀብይን።» «ሪቢ፣ ባልዲው የት ገባ?» ክፋት አልነበራቸውም፤ የቁፋሮ ቦታ ሰው ቀልድ ይፈልጋል። ይቅር ያላልኩት ግን አንድ ነገር አለ። እሱ ጎንበስ ብሎ ያንን ሲያሳይ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በእናቴ በር ላይ የቆሙ ሰዎችን አስመስሎ ሲቀልድ፣ እኔ፣ የእሷ ልጅ፣ ጥርሴን አሳየሁ። ያንን ሳቅ ያሳቀኝ እሱ ነው፤ ዕዳውን በእሱ ላይ ጻፍኩት።

ውጤቱ ከውጭ አገር ላቦራቶሪ የመጣው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ግማሹ አጥንት ምንም አልሰጠም። የሰጠው ግን ግልጽ ነበር። በጥጉ የተከማቹት ራሶች እዚያው ዋሻ ውስጥ ከተበሉት በጎች ጋር እናትና ልጅ፣ እኅትና እኅት ናቸው። ጥርሳቸው ግን የጠጣው የቆላ ውኃ፣ የበላው የቆላ ሣር ነው። ሌላም ነበር። ከዋሻው ጀርባ ተቀብራ ያገኘናት ሴት ግማሽ ዘሯ ከደጋው ገበሬዎች፣ ግማሹ ከታች ካሉት አርብቶ አደሮች ነው። ወላጆቿ ዳገቱን ወጥተውም ይሁን ወርደው ተገናኝተዋል። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ከዚያ የሴቲቱን አጥንቶች ወደያዘው ሳጥን ሄጄ ክዳኑ ላይ እጄን ትንሽ አቆየሁ።

በሳምንቱ አለቃዬ ቢሮው ጠራኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ሰጠኝ።

«ያ... የበግ ነገርሽ» አለ። «እስቲ እንደገና ንገሪኝ።»

ነገርኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ጠረጴዛውን እያየሁ፣ እየፈጠንኩ ተናገርኩ። እሱ በፖስታ ጀርባ ላይ ቀስቶች እየሣለ ይጽፍ ነበር። መሐል ላይ ስልክ ተደወለለት፤ አውርቶ ሲጨርስ «ገባኝ፣ ገባኝ» አለና አስወጣኝ። ገብቶት እንደሆነ ለማረጋገጥ አልቆየሁም። ሰው ከዓመት በላይ የያዘውን ነገር ሰጥቶ ሲወጣ ቀለል ይለዋል፤ ቀለለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ በኢሜይል ስላይዶች ላከልኝ። ፕሮጀክቱ የደረሰበትን ለመንደሩ ሰው የሚያቀርብበት ስብሰባ ተቀጥሯል፤ ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ጽሑፉ ወደ መጽሔት ይላካል። «ፊደሉን አስተካክይልኝ» ይላል መልእክቱ። ሌላ ምንም አይልም።

ስላይዶቹ በሙሉ የእኔ አራት ገጾች ነበሩ። ሪቢው፣ ማስረጃው፣ በግ እስከመተማመን የሚለው ዐረፍተ ነገሬ። የእናቴ በጎች ሳይቀሩ ከነሁለት ስንጥቃቸው «በአንድ የመንዝ ቤተሰብ» ተብለው ገብተዋል። የመጀመሪያው ስላይድ ላይ ያለው ስም የእሱ ብቻ ነው። የእኔ ስም በመጨረሻው ስላይድ፣ ምስጋናው ውስጥ፣ ከሾፌሩና ከምግብ ሠሪዋ ቀጥሎ ተጽፏል። ሁለቱም ከእኔ የበለጠ ደክመው ይሆናል፤ አራቱን ገጽ ግን አልጻፉም።

ከዚያ ዐሥራ አንደኛው ስላይድ ላይ ደረስኩ። ቀስቱ ተገልብጧል።

የዋሻው ሰዎች፣ ይላል ስላይዱ፣ የአርብቶ አደሮቹን በጎች በሪቢ ያረቡ ነበር፤ በጎቹ ሲሞቱ ቆዳቸውን ከነራሱ ዋሻው ውስጥ ያኖሩ ነበር። ባለቤቱን አርቢ፣ አርቢውን ባለቤት አድርጎታል። ሪቢ በሌለበት ያደገ ሰው እዚህ ላይ መሳሳቱን በሕይወቱ ሊያውቅ አይችልም። ሪቢ ባለበት ያደገ ሰው ደግሞ እንቅልፍ ላይ ሆኖም ይሰማዋል።

እጄ በልማዱ ማውሱ ላይ ሄደ። ቀስቱን ማዞር አንድ ጊዜ መጫን ነበር። አልተጫንኩም።

ጥንቁቅ ሰው ስለሆንኩ በጥንቃቄ አሰብኩበት። ስህተቱ መጽሔት ላይ ከወጣ ይኖራል፤ ሌላ ሰው ያምነዋል፤ ስለዚህ ወደ ጽሑፉ እንዲያልፍ አልፈቅድም። ስብሰባው ላይ ግን ስህተቱ የሚወድቀው ሪቢ በሚያውቁ ሰዎች መሐል ነው፤ ከአዳራሹ በር አይወጣም። የሚወድቅበትን ቦታ መርጬ ነው የተውኩት። እዚያው ስላይድ ላይ «አርብቶ» የሚለው ቃል አንድ ፊደል ጎድሎታል፤ ሞላሁለትና መልሼ ላክሁት። ቀዩ ቃል ያለበትን ደብተሬን ከመሳቢያ አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ስብሰባው በቀበሌው አዳራሽ ነበር። የፕሮጀክቱ የበላይ ኃላፊ፣ በዕድሜ የገፉ ፕሮፌሰር፣ ከአዲስ አበባ መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። ፕሮጀክተሩ እንዲታይ መስኮቶቹ ላይ ሁለት ባና ተሰቀለ። ሽማግሌዎቹ በቀኝ፣ ሴቶቹ በግራ፤ እናቴ ከሴቶቹ መሐል እንዝርቷን ይዛ። እኔ ከኋላ፣ ከጄኔሬተሩ ድምፅ አጠገብ።

አለቃዬ ጥሩ ተናገረ። ስለ ዲኤንኤ ሲያስረዳ «እያንዳንዳችን ውስጥ የተጻፈ የዘር ሐረግ» አለ፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ተቀበረችው ሴት ሲነግራቸው ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ዐሥራ አንደኛው ስላይድ መጣ።

«እንግዲህ የእናንተ ቅድመ አያቶች» አለ በኩራት፣ «የቆላውን ሰው በጎች በሪቢ ያረቡ ነበር። በጓ ስትሞት ቆዳዋን ከነራሷ እዚሁ ዋሻ ያስቀምጡት ነበር።»

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን አነሡ።

«ይቅርታ መምህር። በጓ የማን ናት አሉን?»

«የቆላዎቹ፣ አባቴ።»

«የሞተችውስ የት ነው?»

«እዚህ፤ በእናንተ አያቶች እጅ።»

«ታዲያ ቆዳው እዚህ ምን ይሠራል?»

«ለማስረጃ ነው። መሞቷን ለማሳየት።»

«ለማን?»

ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት «ለራሱ ነዋ!» አሉ። «ራሱ ላይ ሞታበት ለራሱ ያሳያል! ‹አየህ፣ ሞታለች› ይላል፤ ‹አየሁ› ይላል!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «መምህር፣ ቆዳ ወደ ባለቤቱ ነው የሚሄድ። የሰው በግ ሞታበት ቆዳውን ቤቱ ያስቀረ ሰው፣ እኛ ዘንድ ሌባ ነው የሚባል።»

«መጀመሪያ የሰው በግ ጠባቂ አደረጉን» አለ ሌላው፣ «ቀጥሎ ሌባ አደረጉን። ገና ስንት ሥዕል ይቀራል?»

የአለቃዬ ጆሮዎች ሲቀሉ ከኋላ ሆኜ ይታየኝ ነበር። ጆሮውን ነበር የማየው። ስላይዱን አየ፤ ፕሮፌሰሩን አየ፤ ከዚያ እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ አመለከተ።

«ስላይዶቹን ያዘጋጀችው ረዳቴ ናት» አለ። «ስታዘጋጅ አዛብታዋለች። ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። አንገቴ ስር ያ ሙቀት መጣ።

«እሷ?» አሉ ሽማግሌው። «ይች እኮ የእኛው ልጅ ናት። እናቷ እቻትና፤ ስንት ዓመት በጎቿን በሪቢ ሰጥታ ያሳደገቻት። እሷ ነች ሪቢ የምታዛባው?»

የእናቴ እንዝርት ቆሟል።

በወንበሮቹ መሐል አልፌ ወደ ፊት ሄድኩ። መናገር እንደማልችል አውቅ ነበር፤ ለዚህ ነው ደብተሩን ያመጣሁት። ገጹን ገልጬ ለፕሮፌሰሩ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ብርሃን ስላነሳቸው አንዱን ባና በእጃቸው ገለጥ አድርገው መስኮቱ ሥር ቆመው አነበቡ። አራቱንም ገጽ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሱ።

«ይህ ቀይ ጽሑፍ የማን እጅ ነው?»

«የእኔ ይመስለኛል» አለ አለቃዬ።

«ተረት» ብለው ጮክ ብለው አነበቡት። ወደ እኔ ዞሩ። «መቼ ነው የጻፍሽው? የዲኤንኤው ውጤት ከመጣ በኋላ ነው?»

«ሳይመጣ» አልኩ።

«አንሰማም!» አሉ አሮጊቷ ከኋላ። «አንቺ ልጅ፣ ጮክ በይ!»

«ውጤቱ ሳይመጣ!» አልኩ። በሕይወቴ እንዲያ ጮኬ አላውቅም፤ የአዳራሹ ቆርቆሮ መለሰልኝ።

አለቃዬ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስላይዱን ስታዪው ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ከእሱ የሰማሁት የመጀመሪያው ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

«ፊደሉን አስተካክዪ ነው ያሉኝ» አልኩት። «አስተካክያለሁ።»

ዝቅ ብዬ ነው ያልኩት፤ ሽማግሌው ግን ሰምተውኝ ኖሮ በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አድርገው ሳቁ።

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ ከፊቴ ከፊቴ ትራመድ ነበር። ገብሱ ሜዳ ላይ ስንደርስ ቆመች።

«አይተሽው ነበር?»

«አዎ።»

«አውቀሽ ተውሽው?»

«አዎ።»

«እኛ ፊት ባይሆን ጥሩ ነበር» አለች። «ሰውዬው የሰው በግ ጠባቂ ሲለን፣ ሌላው ሲስቅ እኒያ ሽማግሌ አልሳቁም። እሳቸው ምን በደሉሽ?»

ስህተቱ የሚወድቅበትን ቦታ ስመርጥ፣ እዚያ የተቀመጡትን ሰዎች አልቆጠርኳቸውም ነበር። በማግስቱ ሽማግሌው ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ይህ ከባድ ነበር፤ አለቃዬ ፊት ከመጮህ ይከብድ ነበር።

እናቴ ግን ትንሽ ከሄድን በኋላ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር «ጆሮው ሲቀላ አየሽልኝ?» አለች፤ ትከሻዋ ከነጠላዋ ሥር በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ሁለት ሳምንት አልፎ አለቃዬ ወደ እኔ ክፍል መጣ። ከዚያ በፊት መጥቶ አያውቅም፤ እኔ ነበርኩ የምሄድ። በእጁ ለመጽሔቱ የተዘጋጀውን ጽሑፍ ይዟል። ከላይ የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው፤ የእሱ ሦስተኛ ሆኗል። ፕሮፌሰሩ እንዳዘዙ አውቃለሁ።

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ቆመ። ክፍሌ ውስጥ ያለው ሁለተኛ ወንበር ላይ የአጥንት ከረጢቶች ነበሩ። ከረጢቶቹን ማንሣት እችል ነበር።

ማንበብ ጀመርኩ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ አንድ በአንድ፣ ሳልቸኩል። ቀስቱ ተቃንቷል። ባለቤቶቹ ባለቤቶች፣ አርቢዎቹ አርቢዎች ሆነዋል። የተቀበረችው ሴት በቦታዋ አለች። ስህተት ፈለግሁ፤ ከልቤ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ጠርዙን አገላብጬ አየሁት፤ ንጹሕ ነበር።

«ተረት ያልኩት በችኮላ ነው» አለ። «ስብሰባው ላይ ያደረግሁትም... ጥፋት ነው። ይቅር በዪኝ።»

አመጣጡ እውነት ነበር፤ ይህንንም አልክድም። የሌላ በግ ቆዳ ይዞ የመጣውን ያንን ሰውዬ አልመሰለም። ቆዳውን ተሸክሞ ዳገቱን ወጥቷል። አሁን ከእኔ የሚፈልገው አንድ ቃል ነው። እኔም የትኛዋ ቃል እንደሆነች አውቃለሁ፤ በእናቴ በር ላይ የምትባለዋ ናት፤ እሱ ጽሑፉ ውስጥ ጠቅሶ ያለፋት ቃል መሆኗን ባያውቅም፣ እሷን ነበር ቆሞ የሚጠብቅ።

ወረቀቶቹን ጫፋቸውን አስተካክዬ ሰበሰብኩ።

«ደርሶኛል» አልኩት። «አመሰግናለሁ።»

ትንሽ ቆመ። ከረጢቶቹን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ወጣ።

ጽሑፉ ተልኳል። አሁንም በአንድ ሕንፃ ውስጥ እንሠራለን፤ ስንገናኝ ሰላም እለዋለሁ፣ «እርስዎ» እለዋለሁ። የእኔ በር ከዋናው ደረጃ አጠገብ ነው፤ እሱ ግን ሰሞኑን ቢሮው ሲገባ በጓሮ በኩል ባለው፣ በሚያስረዝመው ደረጃ ነው የሚወጣው። ጠዋት ጠዋት ኮቴውን በግድግዳው ማዶ እሰማዋለሁ። አንዳንድ ቀን ያቺ የእናቴ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ትደርሳለች።

እስካሁን አላልኩትም።